ሠላሳ ዓመት የጠበቀ ባሕር

ሴትዮዋ ኋላ ትመጣለች፤ መጀመሪያ ባሕሩን ልንገራችሁ።

ከኩባ ሰሜናዊ ዳርቻ ተነስታችሁ የአሜሪካዋ ፍሎሪዳ ጫፍ ላይ ወዳለችው ኪይ ዌስት ወደምትባል ትንሽ ደሴት ብታቀኑ፣ በመካከል ያለው ውኃ በቀጥታ መስመር 166 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጣና ከጫፍ እስከ ጫፍ 84 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እንግዲህ ጣናን ሁለት ጊዜ ቀጥላችሁ አስቡት። ጣና ግን ያድራል፣ ይተኛል፤ ይህ ባሕር አይተኛም። በውስጡ ገልፍ ስትሪም የሚባል፣ ዳርቻ የሌለው ሞቃት የውኃ ጅረት ወደ ምሥራቅ ይጋልባል። በኃይለኛው ቦታ በሰዓት ሰባት ኪሎ ሜትር ያህል ይፈጥናል። ሰው ደግሞ ለረዥም ርቀት ሲዋኝ በሰዓት ሦስት ኪሎ ሜትር ከገፋ ጎበዝ ይባላል። ስለዚህ ወደ ሰሜን እዋኛለሁ ያለ ሰው፣ እጁ ወደ ሰሜን እየቀዘፈ፣ ገላው ወደ ምሥራቅ ይወሰዳል።

ሻርኩም አለ። ከሻርኩ የባሰ ደግሞ አለ። ሲመሽ ከጥልቁ ወደ ላይ የሚወጣ፣ መላ አካሉ ብርሃን የሚያሳልፍ፣ ክር የመሰለ መርዘኛ እጅ የሚጎትት የጄሊፊሽ ዘር። ቦክስ ጄሊፊሽ ይሉታል። ከዓለም መርዘኛ እንስሳት በግንባር ቀደምትነት ከሚጠሩት አንዱ ነው። ስሙን ያዙልኝ፤ እንመለስበታለን።

ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠራላችሁ። በ1959 በኩባ አብዮቱ ሲያሸንፍ፣ ብዙ ኩባውያን ባሕሩን ተሻግረው ፍሎሪዳ ገቡ። በዚያን ጊዜ ፎርት ላውደርዴል በምትባለው የፍሎሪዳ ከተማ ዳያና ናያድ የምትባል ገና አሥር ዓመት ያልሞላት ልጅ ነበረች። ባሕሩ ዳር ቆማ እናቷን «ኩባ የት ነው?» ብላ ጠየቀች። እናትየውም ወደ አድማሱ ጠቁመው፣ እዚያ ማዶ ነው፣ ዋኝተሽ ልትደርሺበት ትችያለሽ ለማለት ያህል ቅርብ ነው አሏት። ይህን የምትተርከው ራሷ ዳያና ናት። እናት ለልጅ የሚናገሩት ነገር አንዳንዴ የት እንደሚያደርስ አይታወቅም።

ልጅቱ ዋናተኛ ሆነች። ለ1968ቱ ኦሎምፒክ እዘጋጃለሁ ስትል በ17 ዓመቷ የልብ ሕመም አልጋ ላይ ጣላት፤ ለወራት ተኛች። ስትነሳ ፍጥነቷ አልተመለሰም። የአጭር ርቀት በር ሲዘጋባት ወደ ረዥሙ ዞረች። በ1975 ማንሃተን ደሴትን ዙሪያዋን፣ 45 ኪሎ ሜትር ያህል፣ በ7 ሰዓት ከ57 ደቂቃ ዋኝታ ጨረሰች፤ ከ1920ዎቹ ጀምሮ የቆየ ክብረ ወሰን ተሰበረ። ስሟ በአሜሪካ ተነሳ። እሷ ግን ልቧ ማዶ ነበር።

በኦገስት 1978፣ በ28 ዓመቷ፣ ከኩባ ተነሳች። ሻርክ እንዳይነካት በጀልባ የሚጎተት ትልቅ የብረት ጎጆ ተሠራላት፤ በጎጆው ውስጥ ሆና ነው የምትዋኘው። ነፋሱ ከፋ። ማዕበሉ እያነሳ ከብረቱ ጋር አላተማት። 42 ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ሲቀር፣ ከ120 ኪሎ ሜትር በላይ ከዋኘች በኋላ፣ አቅጣጫዋን ፈጽሞ እንደሳተች ተረጋግጦ ሐኪሞቹ አስወጧት። በዓመቱ፣ 30 ዓመት ሊሞላት ሲል፣ ከባሃማስ ደሴቶች ተነስታ ወደ ፍሎሪዳ 164 ኪሎ ሜትር በ27 ሰዓት ተኩል ዋኘች። ያለ ጎጆ። ታላቅ ሥራ ነበር። ኩባን ግን አልተካላትም።

ከዚያ ከውኃው ወጣች።

የስፖርት ጋዜጠኛ ሆነች፤ በቴሌቪዥንም በሬዲዮም ድምፅዋ ታወቀ። በየአገሩ እየዞረች የሌሎችን ድል ትተርካለች፤ እሷ ግን ገንዳ ውስጥ አትገባም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ። አንድን ነገር አብዝቶ ወዶ በአንድ ቀን የተወ ሰው ካወቃችሁ፣ ለምን ዳር ዳሩን እንኳ እንደማይቀምስ ይገባችኋል። ትንሽ መዋኘት ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ከአለመዋኘት ይብሳል።

እዚህ ላይ ታሪኩን የሚተርኩ ብዙዎች ይቸኩላሉ፤ ሠላሳውን ዓመት ዘለው ወደ ድሉ ይሮጣሉ። እኔ መቆም የምፈልገው እዚህ ነው። ሰው በጎልማሳነቱ ወደ ተወው ነገር ሲመለስ «ወጣትነቱን ፍለጋ ነው» ይባላል። የዳያናን ነገር ደጋግሜ ባየሁት ቁጥር ይህ አባባል አይጥመኝም። እናቷ በ2007 አረፉ። በ2009 እሷ ራሷ 60 ሞላት። የቀረውን ዕድሜ ማስላት ጀመረች፤ ስታሰላ የጎደላት ጉልበት አልነበረም፤ በሙሉ ልቧ የምትሠራው ሥራ ነበር። ባሕሩ ደግሞ እንደነበረ አለ። በ1997 አንዲት የ22 ዓመት አውስትራሊያዊት፣ ሱዚ ማሮኒ፣ በሻርክ ጎጆ ውስጥ ሆና ተሻግራዋለች። ያለ ጎጆ ግን ማንም አልተሻገረውም። ስለዚህ ወደ ገንዳ ገባች።

መጀመሪያ በዝምታ ነው የገባችው። ከዚያ ሰዓቱ ይረዝም ጀመር፤ ስድስት፣ ስምንት፣ አሥር፣ ከዚያ ወደ ባሕር ወጥታ አሥራ አራት ሰዓት። ዕድሜ ቀድሞ የሚወስደው ፍጥነትን ነው፤ ጽናትን የሚነካው ቀስ ብሎ ነው። ለዚህ ነው በረዥም ርቀት ዋና መቶ ሜትሩን ያሸነፈው ወጣት ቀርቶ ፀጉሩ የሸበተው ሰው ሲጨርስ የሚታየው። ትከሻ ግን ይነግራል፤ በሺዎች ለሚቆጠር ቀዘፋ የሚዞረው ያው አንድ መጋጠሚያ ነው።

ውኃ ውስጥ ያለውን ብቸኝነትም ላውጋችሁ። መነጽሩ በጉም ይሸፈናል፤ ቆቡ ጆሮን ይደፍናል። አይታይም፣ አይሰማም። ሌሊት ሲሆን ደግሞ እጅህ ከፊትህ ሲያልፍ አታየውም። ዳያና ይህን ሰዓት የምታሳልፈው በመቁጠርና በመዝፈን ነበር። ቀዘፋዋን በእንግሊዝኛ፣ በጀርመንኛ፣ በስፓንኛና በፈረንሳይኛ እያፈራረቀች ትቆጥራለች። የወጣትነቷን ዘመን ዘፈኖች በቅደም ተከተል በልቧ ይዛለች፤ የጆን ሌነንን «ኢማጂን» ሺህ ጊዜ ከዘፈነች ስንት ሰዓት እንዳለፈ ታውቀዋለች። ሰዓት ሳታይ ሰዓት የምትለካው በዚህ ነው።

እኛ የረዥም ርቀትን ነገር እናውቀዋለን። አበበ ቢቂላ በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሲያሸንፍ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ነው የሮጠው፤ ያንን መንገድ ዛሬም ስናስበው ትንፋሻችን ይቆረጣል። ግን በሩጫ የደከመ ሰው ይቆማል፣ መሬቱም ይሸከመዋል። በባሕር መቆምም ሥራ ነው። የረዥም ርቀት ዋና ሕግ ደግሞ ጀልባ መንካት፣ ሰው ላይ መደገፍ አይፈቅድም። ስትበላ ውኃውን በእግሯ እየረገጠች፣ ምግቡን ከጀልባ እየተቀበለች፣ ጨው ካቃጠለው አፏ ጋር እየታገለች ነው። ጨው ምላስን ያሳብጣል፤ የበላችውን መልሶ ያስወጣል። ውኃው 29 እና 30 ዲግሪ ቢሆን እንኳ ከሰው ገላ ይቀዘቅዛል፤ ቀንና ሌሊት ሙቀቷን ሲመጥ ያድራል።

አሁን ወደ ሰዎቹ ልምጣ፤ የዚህ ትረካ ልብ እነሱ ናቸው። በ28 ዓመቷ ብረት ነበራት። በ60ዎቹ ውስጥ ያላት ሰው ነው። ቦኒ ስቶል የሚሏት የረዥም ጊዜ ወዳጇ አለች፤ እሷም በራኬት ቦል ስፖርት ስመ ጥር የነበረች ናት። አሠልጣኝ ሆነች፤ ከጀልባ ጫፍ ተንበርክካ የዳያናን ፊት በማየት ብቻ ምን ያህል አቅም እንደቀራት የምታነብ። ጆን ባርትሌት የሚባል መርከበኛ አለ፤ መንገድ መሪው እሱ ነው። ሙላት ወንዝ የሚሻገር ሰው ወደ ላይ አስጠግቶ እንደሚገባ ሁሉ፣ ባርትሌትም ጅረቱ የት እንደሚወስዳት አስቀድሞ አስልቶ አቅጣጫዋን ያጣምመዋል። የሷ ሥራ መዋኘት ነው፤ ወዴት እንደምትዋኝ የሚያውቀው እሱ ነው። ከዚያ ደግሞ በካያክ ሆነው ሻርክ የሚያርቅ የኤሌክትሪክ መሣሪያ ውኃ ውስጥ ይዘው ግራና ቀኝ የሚሄዱ፣ ሻርክ ሲመጣ ወደ ውኃው የሚወርዱ ጠላቂዎች፣ ሐኪሞች፣ ጀልባ ነጂዎች አሉ። ከሠላሳ በላይ ሰው። ሁሉም ለአንዲት ሴት ክንድ እንቅልፍ ያጣሉ።

ሆኖም ባሕሩ በሰው ብዛት አይደነግጥም። በኦገስት 2011 ገባች፤ ትከሻዋ ታመመ፣ አስሟ ተነሳባት፤ ከ29 ሰዓት በኋላ ወጣች። በሚቀጥለው ወር ተመልሳ ገባች። የመጀመሪያው ሌሊት ሳያልቅ ያ ስሙን ያዙልኝ ያልኳችሁ ፍጥረት መጣ። ክንዷን፣ አንገቷን፣ ጀርባዋን ነደፋት። ገላዋ እሳት የነካው ያህል ተቃጠለ፣ ትንፋሿ ተያዘ። ሊረዳት ወደ ውኃ የዘለለው የሕክምና ባለሙያም ተነደፈ። እሷ ግን አልወጣችም፤ በሁለተኛው ሌሊት ደግሞ ተነደፈች። ከ40 ሰዓት በላይ ከቆየች በኋላ ነው ያወጧት። በኦገስት 2012 ለአራተኛ ጊዜ ገባች፤ ጄሊፊሹም መብረቁም አብረው መጡ፤ አሁንም ወጣች። ከራሷ ቡድን ውስጥ እንኳ ይህ ነገር አይቻልም ያሉ ነበሩ። ለእነሱ አልፈርድባቸውም። የሚወዱት ሰው ሲነደፍ ጀልባ ላይ ቁጭ ብሎ ማየት ቀላል አይደለም።

በዚህ መካከል ወደ ሃዋይ ዩኒቨርሲቲ ደወለች። እዚያ አንጀል ያናጊሃራ የምትባል የቦክስ ጄሊፊሽ መርዝ ተመራማሪ አለች። ተመራማሪዋም ቡድኑን ተቀላቀለች፤ ንድፊያን የሚከላከልና የሚያስታግስ ቅባት አዘጋጀች። መላ ገላ የሚሸፍን ልብስ፣ ጓንት፣ የእግር መሸፈኛ፣ ለፊት ደግሞ ልዩ የሲሊኮን ጭምብል ተሠራ። ጭምብሉ ከንፈሯን ከውስጥ ያቆስለዋል፤ በእሱ ሳቢያ ብዙ የጨው ውኃ ትውጣለች። ግን ጄሊፊሹ አይገባም። በሠላሳ ዓመት ዕረፍት ውስጥ ጋዜጠኝነት ያስተማራት ነገር ካለ ይህ ይመስለኛል፤ ያላወቀችውን ነገር የሚያውቅ ሰው ፈልጎ መጠየቅ። በ28 ዓመቷ ባሕሩን በጡንቻ ነበር የተጋፈጠችው። አሁን ጠላቷን በስሙ አውቃዋለች፣ የሚወጣበትንም ሰዓት ጭምር።

ኦገስት 31 ቀን 2013፣ ቅዳሜ ጠዋት። ሃቫና፣ ሄሚንግዌይ ወደብ። ዳያና 64 ዓመቷ ነው። ለአምስተኛ ጊዜ ዘለለች።

የመጀመሪያው ቀን አለፈ። መሸ። ብርሃን ጄሊፊሽና ሻርክ ስለሚጠራ ጀልባዎቹ መብራት አጠፉ፤ በውኃው ውስጥ የተዘረጋ ገመድ ላይ የተንጠለጠሉ ትንንሽ ቀይ መብራቶች ብቻ አቅጣጫ ያሳዩዋታል። ጭምብሏን አጥልቃ፣ እያስመለሳት፣ ትቀዝፋለች። ነጋ። ደግሞ መሸ። ማዕበል መጣ። እንቅልፍ ያጣ አእምሮዋ የሌለ ነገር ያሳያት ጀመር፤ የሕንዱን ታጅ ማሃልን ባሕሩ ላይ አየችው። ቦኒ ግን ሕልሟን አላፈረሰችባትም። አያችሁ፣ ጥሩ አሠልጣኝ የቱን ማረም የቱን መተው እንዳለበት ያውቃል።

በሁለተኛው ሌሊት አድማሱ ነጭ ሆነ። ቦኒ ጠራቻትና ወዲያ እንድታይ ነገረቻት። ዳያና ጎህ መሰላት፤ ፀሐይ ስትወጣ ትንሽ ሙቀት አገኛለሁ ብላ ተጽናናች። ጎህ አልነበረም። የኪይ ዌስት ከተማ መብራት ነው። ገና 15 ሰዓት ያህል ዋና ይቀራል። ዳያና ግን በልምምድ አሥራ አራት ሰዓት ስንት ጊዜ እንደዋኘች ታውቃለች። ያ ሁሉ የገንዳና የባሕር ዝምታ ለዚህች ሌሊት ነበር የተጠራቀመው።

ሴፕቴምበር 2፣ ሰኞ፣ ከቀትር በኋላ፣ ኪይ ዌስት ያለው ስማዘርስ የባሕር ዳርቻ በሰው ተሞልቷል። ሰዉ ውኃው ውስጥ እስከ ወገቡ ገብቶ ይጮኻል። ቦኒ ከፊቷ ወደ ኋላ እየሄደች፣ ማንም እንዳይነካት ሰዉን በእጇ እየከለከለች፣ ወደ ዳር ትጠራታለች። ሕጉ ግልጽ ነው፤ ውኃው ከቁርጭምጭሚቷ በታች እስኪሆን ድረስ በራሷ እግር መራመድ አለባት። ከንፈሯ አብጧል፣ ፊቷ በፀሐይ ተቃጥሏል፣ እግሯ መሬት ረስቷል። ተንገዳገደች፣ ግን ተራመደች። 52 ሰዓት፣ 54 ደቂቃ፣ ከ18 ሰከንድ። ጅረቱ ያጠማዘዛት ሲደመር 177 ኪሎ ሜትር ገደማ። አሸዋው ላይ ቆማ የተናገረችው ሦስት ነገር ነበር፤ ተስፋ መቁረጥ እንደማይገባ፣ ሕልምን ለማሳደድ ዕድሜ እንደማይረፍድ፣ ዋና የብቻ ስፖርት ቢመስልም የቡድን ሥራ መሆኑን። ሦስተኛውን ለምን እንደተናገረች ከባርትሌትና ከቦኒ ታሪክ በኋላ ትረዱታላችሁ።

አሁን የሚከብደውን ልንገራችሁ፤ ሳልነግራችሁ ባልፍ ታሪኩን አጎድላለሁ። ይህ ዋና በክፍት ውኃ ዋና መዝጋቢዎች ዘንድ እስካሁን አልጸደቀም። ገና በሳምንቱ ሌሎች ዋናተኞች መረጃውን መመርመር ጀመሩ። በዋናው መካከል ለሰዓታት ፍጥነቷ ከወትሮው እጅግ ጨምሯል፤ እንዴት? አሉ። የዳያና ቡድን ጅረቱ በዚያ ሰዓት ወደ ሰሜን ስለረዳት ነው አለ፤ የባሕር ጅረት የሚያጠኑ ባለሙያዎችም ይህ ሊሆን እንደሚችል ተናገሩ። ሌላው ጥያቄ ልብሷን ነው። ያን ከባድ የጄሊፊሽ መከላከያ ስትለብስ ሰዎች በእጃቸው አግዘዋታል፤ በጥብቁ ሕግ መሠረት ዋናተኛን መንካት አይፈቀድም። የታዛቢዎች መዝገብም በሚፈለገው ደረጃ የተሟላ አልነበረም። እኔ የምለው ይህ ነው። መዝገብ የሚጠብቁት ሰዎች ሕጋቸውን መጠበቃቸው ልክ ነው፤ ከ1875 ጀምሮ፣ ካፒቴን ማቲው ዌብ የእንግሊዝን ቻነል በ21 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ከዋኘ ወዲህ፣ ይህ ስፖርት የቆመው በእምነትና በምስክር ነው፤ በባሕር መካከል ካሜራ የተሞላ ስታዲየም የለም። አብረዋት የነበሩት ከሠላሳ በላይ ሰዎች ደግሞ ያዩትን ይመሰክራሉ። ሁለቱንም አከብራለሁ፤ አንዱን ለመያዝ ሌላውን መጣል አያስፈልገኝም።

ጆን ባርትሌት ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየም፤ በዚያው ዓመት በዲሴምበር አረፈ። በ2023 ስለ ዳያና ፊልም ተሠራ፤ አኔት ቤኒንግ ዳያናን፣ ጆዲ ፎስተር ቦኒን ሆነው ተጫወቱ፤ ሁለቱም ለኦስካር ታጩ። ብዙ ሰው ታሪኩን ያወቀው በዚያ ነው። ፊልሙን ያያችሁ፣ የባርትሌትን ስም አስታውሱልኝ።

ዳያና ከባሕሩ ከወጣች በኋላ ባለው ዓመት፣ በ2014፣ በሌላ ባሕር፣ በእንግሊዝና በፈረንሳይ መካከል፣ ሲሪል ባልዶክ የሚባሉ አውስትራሊያዊ በ70 ዓመታቸው ቻነሉን ዋኝተው ተሻገሩ። ከዚህ በፊት የተሻገሩት በ1985 ነበር። በዚህም የዕድሜ ክብረ ወሰኑን ያዙ። ብዙ አልያዙትም። በሚቀጥለው ወር፣ በሴፕቴምበር፣ ኦቶ ታኒንግ የሚባሉ ደቡብ አፍሪካዊ የልብ ቀዶ ሐኪም፣ በ1994 አንድ ጊዜ ተሻግረውት የነበረውን ያንኑ ባሕር፣ በ73 ዓመታቸው ዳግመኛ ገቡበት። የዋና ቁምጣ፣ ቆብና መነጽር ብቻ ለብሰው፣ በቀዝቃዛው ውኃ፣ በ12 ሰዓት ከ52 ደቂቃ ፈረንሳይ ደረሱ። የእሳቸው ጸድቋል።